ስለ ፊት መቅላት በሽታና ስለ አያያዙ

ሰው ከሰው ጋራ ሲገናኝ አስቀድሞ የሚታየው ፊቱ ነው። ልብስ ቢያድፍ ይታጠባል፤ ጫማ ቢያረጅ ይለወጣል፤ ፊት ግን ሊለወጥ አይችልምና በእርሱ ላይ የወጣ ነገር ሁሉ፤ ባለቤቱ ዝም ቢልም እንኳ፤ ስለ ባለቤቱ የሚናገር ይመስላል። የሚናገረው እውነት ቢሆን መልካም ነበር። ነገር ግን በእኔና በታላቅ እኅቴ ላይ የደረሰውን ካየሁ ወዲህ ፊት በሐሰት የሚመሰክርበት ጊዜ እንዳለ ተረድቻለሁ። በሐኪሞች ዘንድ ሮዛሲያ ተብሎ የሚጠራው በሽታ እንዲህ ያለ ሐሰተኛ ምስክር ነው። ስሙ በአገራችን እምብዛም ያልተለመደ ስለ ሆነ፤ የያዘውን ሰው አንዱ ምች ነው፤ አንዱ ብጉር ነው፤ አንዱም የመጠጥ ምልክት ነው እያለው ዓመታት ያልፋሉ። ስለዚህ እኛ ባለማወቅ የከፈልነውን ዋጋ ሌላው ቤተ ሰብ ደግሞ እንዳይከፍለው፤ የደረሰብንንና ከዚያም በኋላ የተማርነውን ለአንባቢዎች ላቀርብ ወደድሁ።

ነገሩ የጀመረኝ 38 ዓመት ሲሆነኝ ነው። በስብሰባ ላይ ለመናገር ስነሣ፤ ትኩስ ወጥ ስበላ፤ ወይም ከፀሐይ ወደ ቤት ስገባ፤ ፊቴ እሳት እንደ ተጠጋ ይግል ነበር፤ መልኬም ቀይ ነውና ጉንጬና አፍንጫዬ ፍም ይመስላሉ። መጀመሪያ ላይ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይበርድልኝ ስለ ነበረ ቸል አልሁት። ከዓመት በኋላ ግን መቅላቱ አልለቅ አለ፤ ባፍንጫዬም ግራና ቀኝ እንደ ክር የቀጠኑ የደም ሥሮች ታዩ፤ ቀጥሎም በጉንጬና በአገጬ ላይ መግል የቋጠሩ ጥቃቅን ብጉሮች ይወጡ ጀመር። በቤት «ምች ነው» ተባለና ዳማ ከሴ ተጨምቆልኝ ጠጣሁ፤ ፊቴንም ታሸሁበት። አንድ ባልንጀራዬ ሎሚ ቢያዝልኝ እርሱንም ቀባሁ፤ እንደ ሚጥሚጣ አቃጥሎኝ አደረ እንጂ አንዳች አልጠቀመኝም።

ከሕመሙ ይልቅ ያስጨነቀኝ ግን የሰው አስተያየት ነበር። እኔ ጠጅ የምቀምሰው በሰርግና በዓመት በዓል ብቻ ነው፤ አረቄም ከቤቴ ገብቶ አያውቅም። ሆኖም በምሠራበት መሥሪያ ቤት «ሰውዬው ማታ ማታ ይጠጣል» የሚል ሐሜት ተነሣ። በዚያው ሰሞን ለሥራ ወደ ውጭ አገር ከሚላኩት ሰዎች ጋራ ስሜ ከተጻፈ በኋላ ተሰርዞ አገኘሁት። ምክንያቱን ብጠይቅ የሚነግረኝ አጣሁ። አንድ ወዳጄ ብቻ ወደ ጎን ወስዶ፤ «ወንድሜ፤ መጠጡን ቀነስ ብታደርገው ምን አለበት?» አለኝ። ባልሠሩት ጥፋት መመከር እንዴት እንደሚመር ያን ቀን ዐወቅሁ። ብከራከር «የትኛው ጠጪ መጠጣቱን ያምናል» ይባላል፤ ዝም ብል ደግሞ እንዳመንሁ ይቈጠራል።

በዚህ ጭንቀት ሳለሁ ፊትን ያጠራል የተባለ ቅባት፤ ሐኪም ሳያዝልኝ፤ ከሱቅ ገዛሁ። በ3 ቀን ውስጥ መቅላቱ ጠፋ፤ ብጉሩም ከሰመ። እግዚአብሔር ማረኝ ብዬ 4 ወር ያህል በየማታው ተቀባሁት። ነገር ግን ውሎ ሲያድር ቅባቱን አንድ ቀን ባስታጕል ፊቴ ይነዳል፤ ቆዳዬም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳሳ። በመጨረሻም ቅባቱ አልቆ ሌላ ሳልገዛ ሳምንት በሆነው ጊዜ፤ በሽታው ከመጀመሪያው እጥፍ ሆኖ ተነሣ። በኋላ እንደ ተረዳሁት በዚያ ቅባት ውስጥ የነበረው ከስቴሮይድ ወገን የሆነ ብርቱ መድኃኒት ነው። ቤታሜታዞንና ክሎቤታዞል የሚባሉት ከዚሁ ወገን ናቸው። ሐኪም ለሚገባው በሽታ፤ ለሚገባው ጊዜ ሲያዛቸው ትልቅ ጥቅም አላቸው። በሮዛሲያ ፊት ላይ ግን ለጊዜው እሳቱን በአመድ ይሸፍኑታል፤ አመዱ ሲገለጥ እሳቱ በዝቶ ይገኛል፤ ሮዛሲያ ባልነበረበት ፊት ላይ እንኳ ለብዙ ጊዜ ቢቀቡ ተመሳሳይ በሽታ ያመጣሉ። ቆዳ ያነጣሉ ተብለው ከሚሸጡት ቅባቶች ዐያሌዎቹ ይህንኑ የያዙ ስለ ሆኑ፤ እኅቶቻችንና ልጆቻችን እንዲጠነቀቁ አጥብቄ እለምናለሁ።

ከዚህ በኋላ ነው ወደ ቆዳ ሐኪም የሄድሁት። ሐኪሙ ፊቴን በብርሃን መርምረው ጥቁር ነጥብ ያለው ብጉር እንደሌለብኝ ካዩ በኋላ፤ «ይህ የጕርምስና ብጉር አይደለም» አሉኝ። ቀጥለውም፤ «ዐይንዎን አሸዋ እንደ ገባበት ይቆረቁርዎታልን? ከቤተ ሰብዎስ መካከል እንዲህ ያለ የሚያመው አለን?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ለሁለቱም ጥያቄ «የለም» ብዬ መለስሁ። የመጀመሪያው መልሴ እውነት ነበር። ሁለተኛው ግን ስሕተት ነበር፤ ስሕተትነቱንም ወደ በኋላ እናገራለሁ።

ሐኪሙ እንዳስረዱኝ ሮዛሲያ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ከንጽሕና ጕድለትም አይመጣም። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ30 ዓመት ዕድሜ በኋላ ሲሆን ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል፤ የአፍንጫ መወፈር የተባለው ክፉ ደረጃ ግን ይልቁን በወንዶች ላይ ይታያል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 ዓ.ም. የወጣ አንድ የጥናቶች ግምገማ፤ በዓለም ላይ ከ100 ሰው 5 ያህሉ ይህ በሽታ እንዳለበት ገምቷል። ምክንያቱም አንድ ብቻ አይደለም። አንደኛ፤ በፊት ቆዳ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮችና ነርቮች በጥቂት ነገር ይቈጣሉ፤ ሥሮቹም ሰፍተው ደም ሲሞላባቸው ፊት ይግላል። ሁለተኛ፤ ቆዳ ረቂቅ ጠላቶቹን ከሚከላከልባቸው መሣሪያዎች አንዱ ካቴሊሲዲን ይባላል፤ በ2007 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በካሊፎርኒያ ያሉ ተመራማሪዎች ይህ ነገር በሮዛሲያ ሕሙማን ቆዳ ውስጥ ከልክ በላይ በዝቶና ዐይነቱም ተለውጦ እንደሚገኝ አስታወቁ፤ ሌባ በሌለበት የሚተኩስ ዘበኛ ማለት ነው። ሦስተኛ፤ ዴሞዴክስ የተባለች፤ በዐይን የማትታይ ነፍሳት በአብዛኛው ሰው ፊት ላይ ትኖራለች፤ በዚህ በሽታ በተያዙት ላይ ግን ቁጥሯ ይበዛል። ከዚህም ሁሉ በላይ በዘር የሚወረድ ዝንባሌ አለው።

«በዘር» የሚለውን ቃል እያሰላሰልሁ ሳለሁ ነው እኅቴ ትዝ ያለችኝ። ታላቅ እኅቴ መልኳ ጥቁር ነው። ከብዙ ዓመት ጀምሮ እንጀራ ስትጋግር «ፊቴን ይለበልበኛል» ትል ነበር። እኛም «ምጣድ ፊት ተቀምጦ የማይሞቀው ማን ነው?» እያልን እንስቅባት ነበር። ጉንጯ ላይ ጠየም ያለ ነገር ሲወጣ ማድያት ነው አልናት። ዐይኗ ሲቀላና ሲያለቅስ የማገዶው ጢስ ነው አልናት። እርሷም መናገር ሰለቻትና ተወችው። የእኔ ፊት በቀላ ጊዜ ግን ቤተ ሰቡ ሁሉ ተጨነቀ፤ መድኃኒት የሚፈልግልኝም በዛ፤ የእኔ ሕመም ይታይ ነበርና።

ወደ ቤቷ ሄጄ፤ «እትዬ፤ ነገ ወደ ሐኪም አብረን እንሄዳለን» ብላት፤ «አንተ ልጅ፤ ዛሬ ምን ታይቶህ ነው?» አለችኝ። ሐኪሙ መቅላት አልፈለጉባትም፤ በእጃቸው ጀርባ ጉንጯን ዳሰው ሙቀቱን መረመሩ፤ ጥቃቅን እብጠቶቹንም በጣታቸው ፈለጉ፤ ስለ መለብለቡም ደጋግመው ጠየቋት። በጠይምና በጥቁር ፊት ላይ ይህ በሽታ መኖሩ የሚታወቀው በመንደድ፤ በመለብለብ፤ በእብጠትና በመጥቈር ነው እንጂ በመቅላት ስላልሆነ፤ ብዙ ሰው ሳይታወቅለት ይኖራል አሉን። ወዲያውም ወደ ዐይን ሐኪም ላኳት። ሮዛሲያ ዐይንን ጭምር እንደሚይዝ ያን ጊዜ ሰማሁ፤ የዐይን ቆብ ጠርዝ ይቈስላል፤ ዐይን ይደርቃል፤ አሸዋ እንደ ገባበት ይቆረቁራል፤ ካልታከመም በብሌኑ ፊት ያለውን ጥርት ያለ ገለፈት፤ ኮርኒያ የሚባለውን፤ ያቈስለዋል። በእኅቴ ግራ ዐይን ላይ ጠባሳው ቀድሞ ተቀምጦ ተገኘ። የቀረው ብርሃን በሕክምና ዳነ፤ የሄደው ግን አልተመለሰም። ከሐኪሙ ቤት ስንወጣ በነጠላዋ ዐይኗን ጠረግ አድርጋ፤ «እኔስ ነግሬያችሁ ነበር» አለችኝ። ከዚህ ቃል በቀር ሌላ ወቀሳ እስከ ዛሬ አልተናገረችኝም።

የሐኪሙን ወረቀት ለአለቃዬ ባሳየኋቸው ጊዜ፤ አንብበው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፤ «ሳላጣራ ፈርጄብሃለሁና ይቅር በለኝ» አሉኝ። ጉዞው ቢያልፍም በይቅርታቸው ተጽናናሁ። ነገር ግን ወደ ቤቴ ስመለስ ይህ አሳብ መጣብኝ፤ አለቃዬ ያልነበረውን ነገር በፊቴ ላይ አዩ፤ እኔ ግን የነበረውን ነገር በእኅቴ ፊት ላይ ሳላይ ቀረሁ። የእኔ ጥፋት ይበልጣል፤ እርሳቸው የሰሙት ከሐሜተኛ ነው፤ እኔ ግን ከራሷ አፍ ሰምቼ ነበር።

እንግዲህ ስለ አያያዙ ልናገር። ሮዛሲያ ፈጽሞ ተነቅሎ የሚጠፋ በሽታ አይደለም፤ ነገር ግን ልማዱን ያወቀ ሰው ሊገዛው ይችላል። ልማዱን ለማወቅ ደግሞ መዝገብ መያዝ ያስፈልጋል፤ ይህም ለጽሕፈት ቤት ሰው አስቸጋሪ ሥራ አይደለም። እኔና እኅቴ 2 ወር ሙሉ፤ ፊታችን በነደደ ቍጥር የበላነውን፤ የጠጣነውን፤ የዋልንበትን ስፍራና የተቈጣንበትን ነገር ሳይቀር ጻፍን። ከዚህም የሚከተለውን ተማርን።

1ኛ፤ ከሁሉ የሚከፋው ፀሐይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይልቅ ከፍ ብላ ትገኛለች፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታም ቆዳን የሚጎዳው የፀሐይ ጨረር ከመቶ 10 ያህል ይጨምራል። ስለዚህ አየሩ ቀዝቃዛ ነው ብሎ መዘናጋት አይገባም። ባርኔጣ ወይም ጃንጥላ መያዝ፤ በቀትር ጥላ መፈለግ፤ ኃይሉ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ቅባት መቀባት ይጠቅማል። ቅባቱ ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ያለበት ቢሆን ለእንዲህ ያለ ቆዳ ይስማማዋል።

2ኛ፤ የእሳት ሙቀት ነው። እኅቴ ከምጣዱ ራቅ ብላ እንድትቀመጥ፤ በጋገራው መካከልም እየተነሣች ፊቷን በቀዝቃዛ ውሃ በተነከረ ጨርቅ እንድታበርድ አደረግን። ጢሱ መውጫ እንዲያገኝም መስኮት ተከፈተ። ለእርሷ ከመድኃኒቱ ያልተናነሰ ጥቅም የሰጣት ይህ ነው።

3ኛ፤ በርበሬና ሚጥሚጣ ናቸው። አሜሪካዊው ሊቅ ዴቪድ ጁሊየስ በ2021 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የኖቤል ሽልማት ያገኘበት ሥራ፤ በርበሬን የሚያቃጥል ያደረገው ካፕሳይሲን የተባለው ነገርና እውነተኛው የእሳት ሙቀት በነርቭ ላይ የሚያንኳኩት አንዱን በር መሆኑን አስረድቷል። ፊት በርበሬን ከእሳት የማይለየው ስለዚህ ነው። እኔ ቀዩን ወጥ ፈጽሜ አልተውሁትም፤ ነገር ግን አልጫውን አዘወትራለሁ፤ ወጡም እስኪበርድ እጠብቃለሁ።

4ኛ፤ ቡናን በሚመለከት ብዙ ሰው ይሳሳታል። በአሜሪካ አገር ከ82 ሺህ በላይ በሆኑ ሴቶች ላይ ተደርጎ በ2018 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመ ጥናት፤ ቡና አዘውትረው በሚጠጡት ላይ ሮዛሲያ አንሶ መገኘቱን አስታውቋል። ፊትን የሚያነደው ብዙውን ጊዜ የመጠጡ ትኩስነት እንጂ ቡናው አይደለም። ስለዚህ እኔ አቦሉን ተቀብዬ አስቀምጥና ሌላው ቶና ሲጠጣ እጠጣዋለሁ፤ የቤት ሰዎችም ለምደውኛል።

5ኛ፤ መጠጥ ነው። ይህ በሽታ አልኮል ቀምሰው የማያውቁትን ሰዎች ይይዛል፤ ስለዚህ ፊቱ የቀላውን ሁሉ ጠጪ ማለት ግፍ ነው። ነገር ግን በሽታው ላለበት ሰው ጠጅም ቢሆን አረቄም ቢሆን ፊቱን ሊያቀጣጥልበት ይችላልና መተው ይሻለዋል።

6ኛ፤ ቍጣና ጭንቀት ነው። እኔ በሐሜቱ በተጨነቅሁ ቍጥር ፊቴ ይቀላ ነበር፤ ፊቴ በቀላ ቍጥር ደግሞ ሐሜቱ ይበዛ ነበር።

7ኛ፤ የፊት አጠባብ ነው። ለብ ያለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና ይበቃል፤ ማሸት፤ በሻካራ ጨርቅ መፈተግ፤ ሽቶ ያለበት ቅባት፤ ሎሚና የሚያቃጥል ቅጠል ሁሉ ይቅር። ከታጠቡ በኋላ ሽታ የሌለው ማለስለሻ መቀባት ለሳሳው ቆዳ እንደ አጥር ይሆነዋል።

መድኃኒቱን በሚመለከት፤ ሐኪም ሳያዝ የሚወሰድ አይደለምና ዐይነቱን ለማሳወቅ ብቻ እጠቅሳለሁ። ለብጉሩና ለእብጠቱ የሚቀቡ ሦስት የታወቁ መድኃኒቶች አሉ፤ ሜትሮኒዳዞል፤ አዜላይክ አሲድና አይቨርሜክቲን ናቸው። ሜትሮኒዳዞል ለአሜባና ለጃርዲያ በክኒን የምናውቀው ነው፤ ለዚህ ግን በቅባት መልክ ይሠራል። አይቨርሜክቲንም በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፤ በወንዝ አጠገብ የሚኖረውን ሕዝብ ከሚያሳውረው ኦንኮሰርካይሲስ ለመጠበቅ በክኒን የሚታደለው መድኃኒት ነው፤ መሠረቱን ያገኙት ካምቤልና ኦሙራ የተባሉት ሊቃውንት በ2015 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል። ከመቶ 1 እጅ ያለበት ቅባቱ ለሮዛሲያ በአሜሪካ የተፈቀደው በ2014 ዓ.ም. በዚያው አቆጣጠር ነው። በሽታው ሲጸና ወይም ዐይን ሲያዝ ዶክሲሳይክሊን የተባለ የሚዋጥ መድኃኒት ይታዘዛል፤ ይህም ለነፍሰ ጡርና ለሕፃናት አይሰጥም፤ የሚወስደውም ሰው ከፀሐይ ይጠንቀቅ። መቅላቱን ለጥቂት ሰዓት ብቻ የሚያጠፋ ብሪሞኒዲን የሚባል ቅባትም አለ፤ ነገር ግን ኃይሉ ሲያልቅ ባንዳንዱ ሰው ላይ መቅላቱ ብሶ ይመለሳል። ሰፍተው የቀሩትን የደም ሥሮች የሚያጠፋቸው የሌዘር ብርሃን ነው፤ የወፈረ አፍንጫም በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል። ዐይን ለተያዘበት ሰው ደግሞ ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ በየቀኑ በዐይን ቆብ ላይ ማሳረፍና ጠርዙን በቀስታ ማጽዳት ትልቅ እርዳታ ነው።

ከሁሉም ይልቅ ትዕግሥት ያስፈልጋል። የስቴሮይዱ ቅባት በ3 ቀን አስደሰተኝ፤ እውነተኛው መድኃኒት ግን ለውጡን ያሳየኝ ከ2 ወር በኋላ ነው። ብዙ ሰው በ2ኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ ይተወዋል። እኔም ልተወው በቃጣኝ ጊዜ የከለከለችኝ እኅቴ ናት።

በፓሪስ በሉቭር ቤተ መዘክር ውስጥ፤ ጊርላንዳዮ የተባለው ጣሊያናዊ ሠዓሊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1490 ዓ.ም. ገደማ የሣለው አንድ ሥዕል አለ። ሽማግሌው አፍንጫው አብጦና ጐድጕዶ ይታያል፤ ሐኪሞችም ይህን የዚሁ በሽታ መጨረሻ ነው ይሉታል። በእቅፉ ያለው ትንሽ ልጅ ግን ቀና ብሎ የሽማግሌውን ፊት ያለ አንዳች መጸየፍ ይመለከታል፤ እጁንም በደረቱ ላይ አሳርፏል። የሥዕሉን ቅጂ ለእኅቴ ባሳየኋት ጊዜ በደኅናው ዐይኗ አስጠግታ አየችውና፤ «ልጁ አፍንጫውን አላየም፤ አያቱን ነው ያየ» አለች።

ውድ አንባቢዎች ሆይ፤ በቤታችሁ ፊቱ የሚቀላ ቢኖር ሳትጠይቁ አትፍረዱበት፤ ፊቱ ሳይቀላ «ይለበልበኛል» የሚል ቢኖር ደግሞ አልታየኝም ብላችሁ አትሳቁበት፤ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ውሰዱት። ፈውሱን ልዑል እግዚአብሔር ይስጥልን።